ከሹራብ በታች

የእንጉዳይ ሰርግ ለት፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣
ሚዜ ሆኜ ለበስሁ አረንጓዴ ሳቲን፣ ጨሌ ያለው አንገት፤
የስምንት ወር እቁብ በአንድ ቀን ተለብሶ፣
ወጥ እንኳ ጠብ ሳይልበት ከዳስ ተመልሶ፣
በፌስታል ተቋጥሮ፣
ከበሩ ኋላ፣ ከዛገ ሚስማር ጋር ጀመረ ኑሮ።

እኔ ደጀን ነኝ። መናኸሪያው በር ላይ ትኬት እቆርጣለሁ፤
አሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ከጉም ጋር እገባለሁ፤
ከዓባይ ሸለቆ ሽቅብ የሚወጣው ይህ የደጀን ጉም
በር አንኳኩቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም።
ታች በረሃው ላይ ሰው በላብ ሲጠመቅ፣
እዚህ ዳገቱ ላይ ጥርስ እያፋጨ ነው ቀኑን የሚጠብቅ።
ልብሴም ያው ልብሴ ነው፦ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሹራብ፣ የወንድሜ ጃኬት፤
ተሳፋሪ ፊቴን አያይም፤ የሚያየው እጄን ነው፣ እጄን ከነትኬት።

ልብስ ሰፊው ስመኘው ዘንድ አንዴ ይዤው ሄጄ ነበር፦
"አያ ስመኘው፣ ይኼ ነገር
ለሥራ ቀን ይሆናል?" "ይሆናል፣ ምን አለበት!
ከጉልበቱ ልቁረጠው፣ እጅጌ ልቀጥልበት።"
መቀሱን ሲያነሳ ሆዴ ተላወሰ።
"ኧረ ተው!" አልሁና ጨርቄን ይዤ ወጣሁ፤
እቁቤ ታየኝ፣ ስምንቱም ወር ታየኝ፣
ከነፌስታሉ ወደ ሚስማሩ መጣሁ።

እንግዲህ ሐምሌ ነው።
ሐምሌ በደጀን ምን ልብስ ይደርቃል?
ሱሪዬ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ አድሮ አሁንም ያንጠባጥባል።
ያን ሰኞ ሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን፣
አየሁት ሚስማሩን።
ፌስታሉን ስፈታው ሰርጉ አብሮ ወጣ፦
የእንጉዳይ ሽቶ፣ የዳሱ ቄጠማ፣ የሰው ሁሉ ጣጣ።

ከስር ወፍራም ታይት፤
በላዩ ሳቲኑ፣ በጎን ተቋጥሮ፣ ጭቃ እንዳይጎትት፤
በሳቲኑ ላይ ጥቁር ሹራቤ፣
ጨሌውን ብቻ በአንገት አስወጥቶ፣ ልክ እንደ ሐሳቤ፤
በሹራቡ ላይ የወንድሜ ጃኬት፣ አንዱ ቁልፉ የለም፤
እግሬ ላይ ቦት ጫማ፤ ሐምሌ ያለ ቦት ጫማ ሊታለፍ አይችልም።
መስታወቴ መዳፍ ታክላለች። ቁራጭ ቁራጬን አየሁ፤
ሙሉዬን አላየሁ።

ረዳቱ ነው ቀድሞ ያየኝ፣ በመስኮት አጎንብሶ፦
"ማን ሊዳር ነው ዛሬ፣ በሰኞ ደግሶ?"
ሾፌሩ ከኋላ "ስሟ ይታይሽ ነው፤ እስከ ዛሬ ማን አይቷት?" አለና
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቅ አይበርድምና።

ከኩራር ሽቅብ የመጡ አንዲት እናት፣ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሊሄዱ፣
እጃቸውን በመስኮቱ ሰደዱ፤
ብሩን ሳይሰጡኝ ጨርቁን ዳሰሱት በሁለት ጣታቸው፤
"እኔም ነበረኝ" አሉ፣ ዝግ ብሎ ድምፃቸው፤
"ለክብር ቀን ብዬ ሣጥን ቆለፍሁበት፤
የክብሩ ቀን መጣ፣ ቁልፉ ጠፋ፣ ሰበርነው፤ አይጥ ወልዳበት።"
ምን ይባላል?
እሳቸውም መልስ አልጠበቁ። "ለማርቆስ ስንት ገባ?
ዝርዝሩን አስተካክይው፣ ባለፈው ጎድሎብኛል።"

አምስት ሰዓት ሲሆን ጉሙ ተገፈፈ፤ ጃኬቱን አወለቅሁ፤
ስድስት ላይ ሹራቡን፤
ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ ዝናቡ እስኪመጣ፣ በሳቲን ትኬት ቆረጥሁ።
ማንም አልሳቀም፤ ወይም እኔ አልሰማሁ።

እንጉዳይ ሰምታ ደወለች፦ "የሰርጌን ልብስ፣ በመናኸሪያ ጭቃ!"
"ያንቺ ሰርግ አንድ ቀን ነው፣ የእኔ ብርድ ዓመቱን ነው" አልኋት።
ዝም አለች። ካርዷም አለቀ፣ በቃ።

አሁን ጫፉ ተተልትሏል፣ ብብቱ ስር ስፌት ለቋል፤
ማክሰኞ ከነጭ ሸሚዝ ጋር፣ ሐሙስ ጋቢ ስር ይውላል፤
ሚስማሩ ባዶ ነው። ፌስታሉም ሥራ ይዟል፣ ሽንኩርት ይሸከማል።

ትናንት ማታ ሒሳብ ስዘጋ፣ ሳንቲሙን ስቆጥር፣
አንዲት ጨሌ አገኘሁ፣ መሳቢያው ጥግ፣ ከሳንቲሙ መሐል ስታጭበረብር።
አልጣልኋትም።
ቆጠርኋት።
መዝገቡ ላይ አንድ በለጠ። ማንም አልጠየቀኝም።